ወንድሜ ከሞት ተርፏል፤ ኑሮው ግን ገና አልተመለሰም

የግንፍሌዋ፦

ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ከአራት ኪሎ ወረድ ብሎ ግንፍሌ አካባቢ፣ ከእናቴና ከ26 ዓመቱ ታናሽ ወንድሜ ጋር ነው። ወንድሜ ከአምስት ወር በፊት ራሱን ለማጥፋት ሞክሮ ነበር። እንዴት እንደሆነ አልጽፍም፤ ለማንም አይጠቅምምና። ዘጠኝ ቀን ሆስፒታል ተኝቶ፣ ሐኪሞቹ ድባቴ እንዳለበት ነግረውን፣ መድኃኒት ተጀምሮለት ወደ ቤቱ ተመለሰ። ከዚያ ወዲህ አንድም ቀጠሮ አላለፈውም፤ መድኃኒቱንም እናቴ በሰዓቱ እየሰጠችው ይወስዳል።

ለሚጠይቀን ሁሉ «ደህና ነው» እንላለን፤ ይህም ውሸት አይደለም። ይበላል፣ ይተኛል፣ ሲያናግሩት ይመልሳል። ነገር ግን ገዛ ቤቱ ውስጥ እንግዳ ሆኖብኛል። ድሮ ቅዳሜ ሲሆን ኳስ ለማየት ከቤት ይጠፋ ነበር፤ አሁን ቴሌቪዥኑ ላይ ጨዋታ ሲጀመር ተነሥቶ ወደ ክፍሉ ይገባል። ሁለቱ የልብ ጓደኞቹ የዶሮ ማነቂያ ልጆች ነበሩ፤ በ2016 ዓ.ም. ሰፈሩ ሲፈርስ ቤተሰቦቻቸው ወደ ከተማው ዳርቻ ስለሄዱ፣ እንደ ድሮው በእግሩ ደርሶ ከደጅ የሚጠራው ሰው የለውም። በሒሳብ ሠራተኛነት የተቀጠረበት የግል ድርጅት የመጀመሪያውን ወር ሙሉ ደሞዝ፣ ቀጥሎ ያሉትን ሁለት ወራት ግማሽ ደሞዝ ከከፈለው በኋላ አቁሟል፤ ሲመለስ ቦታው ይጠብቀው አይጠብቀው አናውቅም።

እናቴ የክፍሉን በር መቀርቀሪያ አስነቅላለች። መታጠቢያ ቤት ትንሽ ከቆየ በሩ ላይ ትቆምና «ልጄ፣ ሻይ ላፍላልህ?» ትለዋለች። የምትጠይቀው ሻይ እንዲጠጣ ሳይሆን ድምፁን ለመስማት እንደሆነ እሱም ያውቃል፤ ስለዚህ አሁን ሻይ የሚለውን ቃል ሲሰማ ፊቱ ይጠቁራል። እኔም ከእሷ አልሻልም፤ ሌሊት ሁለት ሦስት ጊዜ እየተነሣሁ ትንፋሹን አዳምጣለሁ።

ለጎረቤት የነገርነው የጨጓራ ሕመም ነው ብለን ነው። በዚህም የተነሣ የመንደሩ ሴቶች አንዷ ተልባ ወቅጣ፣ ሌላዋ አጥሚት ሠርታ ሲመላለሱ ሰነበቱ፤ ሁሉም ገብተው «እንኳን እግዚአብሔር ማረህ» አሉት፣ እሱም ተልባውን ጠጣ። ባለፈው ሳምንት ዕቃ ሳጥብ አጠገቤ መጥቶ ቆመና «እስካሁን እንኳን ማረህ የተባልኩት ላላመመኝ ጨጓራ ነው» አለኝ። የምመልስለት አጣሁ።

በዚህ መንገድ ያለፋችሁ ወይም በሙያው ያላችሁ እንድትመልሱልኝ የምለምነው፣ ጥበቃውን እስከ መቼ መቀጠል እንዳለብን፣ እውነቱን ለሰው መናገር ይሻል ወይስ መሸሸግ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ እንዲህ ያለ ሰው መቼና በምን ወደ ኑሮው እንደሚመለስ ነው።

ሲስተር ከስድስት ኪሎ፦

እህቴ፣ እንኳን እግዚአብሔር ወንድምሽን ማረልሽ። ይህን ያስቀደምኩት ለወግ ያህል አይደለም። የሥነ አእምሮ ነርስ ሆኜ በሠራሁባቸው 14 ዓመታት፣ ቀዶ ጥገና ተደርጎለት ለተነሣ ሰው «እንኳን ማረህ» የማይል ዘመድ አይቼ አላውቅም፤ ራሱን ሊያጠፋ ሞክሮ ለተረፈ ሰው ግን ይህን ቃል አፉን ሞልቶ የሚናገር ጠያቂ በጣት የሚቆጠር ነው። ወይ ይቆጡታል፣ ወይ ዝም ይሉታል፣ ወይም እናንተ እንዳደረጋችሁት ሌላ ሕመም ይፈልጉለታል።

አስቀድሜ ስለ ፍርሃታችሁ ልናገር። አንድ ጊዜ መሞከር ለዳግም ሙከራ ዋነኛው የአደጋ ምልክት መሆኑ እውነት ነው፤ ከሆስፒታል ከወጡ በኋላ ያሉት የመጀመሪያዎቹ ሳምንታትና ወራትም ከሁሉ ይበልጥ ጥንቃቄ ይሻሉ። ስለዚህ እናትሽ ያለ ምክንያት አልሠጉም። ይሁንና ሞክረው የተረፉ ሰዎችን ለዓመታት የተከታተሉ ጥናቶች አንድ ላይ ሲታዩ፣ ከ10 ሰዎች 9ኙ ያህል በኋላም ራሳቸውን አጥፍተው አልሞቱም። ይህን ለታማሚ ቤተሰብ ስነግር ብዙዎች ደግሜ እንድናገረው ይጠይቁኛል።

የሚረዳውም ነገር ይታወቃል። የዓለም ጤና ድርጅት በብራዚል፣ በሕንድ፣ በስሪላንካ፣ በኢራንና በቻይና በሚገኙ አምስት ቦታዎች፣ ሞክረው ወደ ድንገተኛ ክፍል የመጡ 1,867 ሰዎችን ይዞ ያካሄደውና እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመ ጥናት አለ። አንደኛው ወገን የተለመደውን ሕክምና ብቻ አገኘ። ሌላኛው ከዚያ በተጨማሪ አንድ ሰዓት ያህል ከባለሙያ ጋር ተወያየ፤ ወደ ቤት ከተመለሰ በኋላም በ18 ወር ውስጥ 9 ጊዜ፣ በመጀመሪያ በሳምንታት ኋላም በወራት ልዩነት፣ በስልክ ወይም በአካል እየተጠየቀ ቆየ። በመጨረሻ ሲታይ ራሳቸውን አጥፍተው የሞቱት ከመጀመሪያው ወገን 2.2 በመቶ፣ ከሁለተኛው 0.2 በመቶ ነበሩ። ዘጠኝ ጊዜ «እንዴት ነህ?» ማለት ነው እኮ! እኛ አገር ይህን ሥራ ስሙን ሳያውቅ የሚሠራው ጠያቂ ዘመድ ነበር፤ ችግሩ የእኛ ጥየቃ በመጀመሪያው ሳምንት ቤቱን ሞልቶ በሁለተኛው ወር ድራሹ የሚጠፋ መሆኑ ነው። ወንድምሽ አሁን አምስተኛ ወሩ ላይ ነው። ዳርቻ የሄዱት ሁለቱ ጓደኞቹ ስልክ እንዳላቸው እገምታለሁ።

ስለ ኑሮው የጠየቅሽውን በተመለከተ፣ ይኸው የዓለም ጤና ድርጅት የኑሮን ጥራት የሚለካበት 26 ጥያቄዎች ያሉት አጭር መጠይቅ አለው። የሚጠይቀው ሕመሙ ስለ መኖሩ ብቻ አይደለም፤ እንቅልፍህ ያረካሃል ወይ፣ ለዕለት ሥራህ የሚበቃ ጉልበት አለህ ወይ፣ በራስህ ደስ ይልሃል ወይ፣ ከጓደኞችህ የምታገኘው ድጋፍ ይበቃሃል ወይ፣ ለሚያስፈልግህ የሚሆን ገንዘብ አለህ ወይ እያለ በአካል፣ በሥነ ልቦና፣ በማኅበራዊ ግንኙነትና በአካባቢ ከፍሎ ያያል። አንቺ የጻፍሽውን በዚህ ዓይን ሳነበው፣ የወንድምሽ አካል ቀድሞ ተመልሷል፤ ጓደኛው፣ ደሞዙና ለብቻው የሚሆንበት ክፍል ግን አልተመለሱም። ስለዚህ ሰውዬው አላገገመም ከማለት በፊት ያልተመለሱለትን ነገሮች መቁጠር ይቀድማል። የሚቀጥለው ቀጠሮ ላይ ደግሞ ስሜቱ የደነዘዘው ከድባቴው ይሁን ከመድኃኒቱ ሐኪሙን ጠይቁት፤ መድኃኒቱ የሚስተካከልበት መንገድ አለ። ተሻለኝ ብሎ በራሱ እንዳያቋርጥ ግን አደራ፤ ስሜቱ ከተስተካከለ በኋላም ለወራት መቀጠል አለበት፣ ሲቆምም ቀስ በቀስ በሐኪም ነው።

መቀርቀሪያውን እንደ ድሮው መልሱት አልልም፤ ከውጭም ሊከፈት የሚችል ዓይነት አስገቡለት። መድኃኒቱ እናትሽ ዘንድ መቀመጡም ጥሩ ነው፤ በዚያው ይቀጥል። የሻዩ ነገር ግን ይብቃ። «ሻይ ላፍላልህ?» በሚለው ውስጥ ሌላ ጥያቄ አለ፤ ያንን የውስጡን ጥያቄ ተረጋግታችሁ፣ በተለየ ሰዓት፣ ፊት ለፊት ተቀምጣችሁ ጠይቁት፦ «ሰሞኑን ራስህን የማጥፋት ሐሳብ መጥቶብሃል?» ብላችሁ። መጠየቅ ሐሳቡን አያስይዝም፤ ይህ በጥናትም የተረጋገጠ ነው። አዎ ቢላችሁና ሐሳቡ የበረታ መስሎ ከታያችሁ፣ ወይም ሸክም ሆንኩባችሁ ማለት፣ ንብረቱን ማደል፣ እንቅልፍ ማጣት ቢጀምር፣ ቀጠሮ ሳትጠብቁ፣ ለብቻው ሳትተዉት በአቅራቢያው ወዳለ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ውሰዱት። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው።

ጠራዡ፦

እህቴ፣ እኔ እንደ ወንድምሽ ነኝ፤ ዘጠኝ ዓመት ሆነኝ። አሁን 38 ዓመቴ ነው፤ አራት ኪሎ አካባቢ በሚገኝ አነስተኛ ማተሚያ ቤት መጽሐፍ እጠርዛለሁ፣ ባለትዳርና የአንዲት ሴት ልጅ አባት ነኝ።

የመጀመሪያው ዓመት ከባድ የነበረው ሞት ስለሚያምረኝ አልነበረም። የሐኪሙ መድኃኒት ያንን በሁለተኛው ወር አካባቢ አሳስቶልኛል። ከባዱ ሐፍረቱ ነበር። ሰው ሁሉ ሲያየኝ የሚያየው ያቺን አንዲት ቀን ነው፤ እኔ ደግሞ ከእሷ ቀን በፊትም በኋላም ሌሎች ቀኖች አሉኝ። አጎቴ መጥቶ «እናትህን አላሰብክም?» አለኝ። አስቤያለሁ፤ ያኔ በታመመው አእምሮዬ እናቴ ከእኔ የምትገላገል መስሎኝ ነበር። ይህንን ለአጎቴ ማስረዳት አልቻልኩም፤ ዛሬም ድረስ አልሞከርኩትም።

አንድ የሥራ ባልደረባዬ ግን በየሐሙሱ ከሥራ ሲወጣ ይመጣና ዳማ እንጫወት ነበር። ስለ ጉዳዩ አንድ ቃል ሳይተነፍስ ሦስት ወር ያህል አለፈ። አንድ ሐሙስ ጠጠሮቹን እየደረደረ፣ ቀና ሳይል፣ «እኔ እኮ እንኳን ተረፍክ ብዬህ አላውቅም፤ እንኳን ተረፍክ» አለኝና ጨዋታውን ጀመረ። ያን ቀን አሸነፈኝ፤ ማየት አቅቶኝ ነበር።

ወደ ሥራ የመለሰኝም እሱ ነው። አለቃችንን አነጋግሮ በቀን ሁለት ሰዓት ብቻ እንድገባ አደረገ። የሰጡኝ ሥራ ማጠፍ ነበር። አንድ ትልቅ የታተመ ወረቀት ሦስት ጊዜ ሲታጠፍ 16 ገጽ ይወጣዋል፤ ጠርዙን ከጠርዝ አግጥሞ፣ እጥፉን በማስመሪያ ጫን አድርጎ መሳብ ነው። የመጀመሪያው እጥፍ ከተዛባ ሦስተኛው ላይ የገጽ ቁጥሩ ይስታል። እጄ ከመድኃኒቱ የተነሣ ትንሽ ይንቀጠቀጥ ስለነበር የመጀመሪያውን ሳምንት ያበላሸሁት ወረቀት ካጠፍኩት አይተናነስም። ማንም አልተቆጣኝም፤ የተበላሸውን ለመጠቅለያ ወሰዱት። በሦስተኛው ሳምንት አንድ ቀን ሰዓቴ አልፎ ማንም ሳይነግረኝ ስሠራ ራሴን አገኘሁት። መቼ ነው ወደ ኑሮ የሚመለሰው ላልሽው፣ የእኔ እንደዚያ ነበር፤ ሳላውቀው።

የማልደብቅሽ ነገርም አለ። በሦስተኛው ዓመት ሐሳቡ ተመልሶ መጥቶ ነበር። ልዩነቱ ያኔ አካሄዱን ማወቄ ነው። እኔ ጢሜን መላጨት ስተውና የስልክ ጥሪ እያየሁ ዝም ስል መጀመሩን አውቃለሁ። ያኔ አንዲት ነርስ ከእኔ ጋር ሆና የጻፈችው አንድ ወረቀት አለኝ፤ ከመታወቂያዬ ጀርባ ታጥፎ ይቀመጣል። መጀመሪያ እነዚህ ምልክቶች ተጽፈዋል። ቀጥሎ ብቻዬን የማደርገው፤ ከአራት ኪሎ እስከ ስድስት ኪሎ በእግር መሄድና መመለስ። ከዚያ ስለ ምንም ነገር ላወራቸው የምችል የሁለት ሰዎች ስም፣ ቀጥሎ እውነቱን የምነግራቸው የሁለት ሰዎች ስም፣ በመጨረሻም የሕክምና ቦታው። ያን ጊዜ ስድስት ኪሎ ደርሼ አልበቃኝም፤ ከስሞቹ ሦስተኛው ጋ ደወልኩ። ማን እንደሆነ ገምተሻል፤ ሐሙስም አልነበረም፣ መጣ።

ወንድምሽ ኳስ ሲጀመር ተነሥቶ መውጣቱን ጽፈሻል። እኔም መዝሙር መስማት አልችልም ነበር፤ ድሮ የምወደውን ነገር ምንም ሳይሰማኝ ማየቱ ከሁሉም ይበልጥ ያስፈራኝ ነበር። አታስገድዱት።

የአንድ ልጅ እናት፦

ልጄ፣ እናትሽን ሰላም በይልኝ። ነርሷ የተናገረችው ሁሉ ትክክል ነው፤ የበሩ ነገር ግን ለእናት እንዲህ በቀላሉ የሚተው አይደለም። እኔ ልጄ ከሆስፒታል ከወጣች በኋላ አንድ ዓመት ሙሉ ከእሷ ጋር በአንድ አልጋ ተኛሁ፤ የ31 ዓመት ልጅ! በመጨረሻ የታመምኩት እኔ ነበርኩ። ደም ግፊቴ ሲወጣ ሐኪሙ «ሁለታችሁንም ማከም አለብኝ?» ብሎ ሣቀ፣ እኔ ግን አልሣቅሁም። ከዚያ በኋላ ከእህቴ ጋር ሌሊቱን ተካፈልን፤ ሰኞና ሐሙስ እሷ፣ የቀረውን እኔ፤ ቅዳሜን ግን ማንም አይጠብቅም ነበር። እናትሽም ብቻዋን አትጠብቅ።

ስለ መናገር ግን ከሌሎቹ እለያለሁ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ለመንደሩ ሁሉ መናገር የልጁን ነገር የቡና ወሬ ማድረግ ነው፤ ነገ ሚስት ሲያጭ ይነሣበታል። እኔ የነገርኩት ለሁለት ሰዎች ነው፤ ለንስሐ አባታችንና ለአንዲት ጎረቤቴ። አባታችን ልጄን አልገሠጿትም፤ ጠበሉንም መድኃኒቱንም እንድትይዝ አሏት፣ ሁለቱም ከእግዚአብሔር ነው ብለው። ይህን የምጽፈው መድኃኒት አስጥለው ጠበል ብቻ የሚያስይዙ ስላሉ ነው፤ የእኛ ዘመድ አንዱ በዚያ መንገድ ሄዶ እንደገና አገርሽቶበታል። ደግሞ ማንን መንገር እንዳለብሽ የሚመርጠው ወንድምሽ ይሁን እንጂ አንቺም እናትሽም አይደላችሁም። እኔ ጎረቤቴን የነገርኳት ልጄን ሳልጠይቅ ነበር፤ ለዚያ ሁለት ወር አኩርፋኛለች፣ እውነቷን ነው።

የሕግ ባለሙያ፦

ለጠያቂዋ በአጭሩ፣ የሥራውን ጉዳይ በተመለከተ። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156 የሙከራ ጊዜውን ለጨረሰ ሠራተኛ በ12 ወር ውስጥ እስከ ስድስት ወር የሚደርስ የሕመም ፈቃድ ይሰጣል፤ የመጀመሪያው ወር ከሙሉ ደሞዝ ጋር፣ ቀጣዮቹ ሁለት ወራት ከግማሽ ደሞዝ ጋር፣ የመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት ያለ ክፍያ። ስለዚህ ድርጅቱ ክፍያውን ማቆሙ ከሕጉ ጋር ይሄዳል፤ ወንድምዎም ፈቃዱ ሊያልቅ አንድ ወር ገደማ ቀርቶታል ማለት ነው። ያ ወር ሳያልፍ ከሐኪሙ ማስረጃ ይዞ ለመመለስ ወይም በአነስተኛ ሰዓት ለመጀመር በጽሑፍ ይጠይቅ። ማስረጃው ላይ የሕመሙ ዝርዝር እንዳይበዛ ሐኪሙን ማነጋገር ይቻላል።

አንዳንድ ቤተሰብ የሚሸሽገው ፖሊስን ፈርቶ እንደሆነም አይቻለሁ። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 542 የሚቀጣው ሌላውን ሰው ራሱን እንዲያጠፋ ያነሣሣውን ወይም የረዳውን ነው፤ ሞክሮ የተረፈውን ሰው የሚቀጣ ድንጋጌ የለውም።

የግንፍሌዋ፦

ሦስት ሳምንት ቆይቼ ተመልሻለሁ፤ ሁላችሁንም እግዚአብሔር ያክብርልኝ። ጠራዡ የጻፉትን ለወንድሜ ሰጥቼው አነበበው። ምንም አላለም፤ ማታ ግን «ሰውዬው አሁንም አራት ኪሎ ነው የሚሠራው?» ብሎ ጠየቀኝ። ሲስተር እንዳሉትም ጓደኞቹ ጋ ደወልኩ፤ አንደኛው ሁለት ታክሲ ይዞ እሑድ መጣና ኳስ ሳያዩ ከሰዓቱን አብረው ተቀምጠው ዋሉ። ቀጥታውን ጥያቄ የጠየቅሁት እኔ ነኝ፤ እናቴ አልቻለችም። «በመጀመሪያዎቹ ወራት ይመጣ ነበር፤ አሁን አልፎ አልፎ ነው፤ ሲመጣ እነግርሻለሁ» አለኝ። ቀጠሮውን አስቀድመንለት ሐኪሙም ሰምቷል፤ የመድኃኒቱንም መጠን ለውጦለታል። ለድርጅቱ ደብዳቤ ጽፈን ገና መልስ እየጠበቅን ነው።

እናታችን፣ እርስዎ እንዳሉት ማንን እንንገር ብዬ ጠየቅሁት። ብዙ አስቦ አንድ ሰው ብቻ መረጠ፤ ጎረቤታችን እትዬን፣ ተልባውን ስታመጣ የነበረችውን። ራሱ ሄዶ ነገራት። ምን እንደተባባሉ አልነገረኝም፤ ዓይኑ ቀልቶ ነው የተመለሰው።

መቀርቀሪያውንም ከውጭ በሳንቲም የሚከፈተውን ዓይነት ፒያሳ ከአንድ የሕንፃ መሣሪያ ሱቅ ገዝቶ መጥቶ ራሱ ገጠመው። እናቴ አጠገቡ ቆማ መፍቻውን እየያዘችለት፣ ሲጨርስ ሳንቲሟን አውጥታ ሁለት ጊዜ ከፍታ ሞከረችው። እትዬ አሁንም ተልባውን ታመጣለች።